ኳስ የማይነኩ ሁለት ሰዎች

በየጨዋታው ኳስ ሳይነኩ የሚደክሙ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ከመስመሩ ጠርዝ ቆሞ ይጮኻል፤ ሁለተኛው ከፍ ካለች ክፍል ተቀምጦ በማይክሮፎን ያወራል። አሰልጣኙና የስፖርት ጋዜጠኛው ናቸው። ሁለቱም ያልባቸዋል፤ ሁለቱም ማታ ቤታቸው የሚገቡት ጉሮሯቸው ዘግቶ ነው። ይሁንና አንዳቸውም ግብ አላገቡም፤ አንዳቸውም ግብ አላዳኑም። የዳኛው መዝገብ ላይ ያገባው ሰው ስምና ደቂቃው ይሰፍራል። ለአንደበት የተሰመረ ዓምድ የለውም።

ዕድሜን ሙሉ በሰው እግርና በሰው እጅ መኖር ምን ዓይነት ኑሮ ነው? ጥያቄው ሲያውጠነጥኑት ከስፖርት ያልፋል። መምህሩም፣ አዋላጇም፣ የንስሐ አባቱም የሚኖሩት በሌላው ሰው ሥራ ውስጥ ነው። አሰልጣኙንና ጋዜጠኛውን የሚለያቸው መሣሪያቸው ቃል ብቻ መሆኑ፣ ቃሉም ሰዓት የተቆረጠለት መሆኑ ነው። አሰልጣኙ የሚናገረው ገና ስላልሆነው ነገር ነው፤ ጋዜጠኛው እየሆነ ስላለው። አንዱ ከድርጊቱ ይቀድማል፤ ሌላው ይከተለዋል። ድርጊቱ ራሱ የሦስተኛ ሰው ነው።

ይህን ከአበርገሌ ሆኖ ማሰብ ከአዲስ አበባ ሆኖ እንደማሰብ አይደለም። አበርገሌ ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ ናት። ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የምትገኝ፣ ፀሐይዋ የሚበረታ፣ ዝናቧ የሚያጥር ቆላ ናት። ከተማዋ ኒሯቅ ነው። በስሟ የሚጠራው የአበርገሌ ፍየል ድርቅ በመቻሉ ከወረዳዋ አልፎ በአገር የታወቀ ዝርያ ነው፤ ሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ብዙ የደከመበት ነው። ለፍየል የተመቸ ገደልና ቁጥቋጦ ግን ለኳስ አይመችም። ስለዚህ ታላላቆቹ ጨዋታዎች ወደዚህ አገር የገቡት በጆሮ ነው።

ሬዲዮ ውድ በነበረበት ዘመን በገጠር የሚደመጠው እንዴት እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ሬዲዮው የሚከፈተው ለዜናና ለጨዋታ ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ለሁለተኛው አጋማሽ ይደርሳል። ባለ ሬዲዮው መሀል ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ ከቦት አንገቱን ያሰግጋል። ድምፁ እየራቀ ሲመጣ አንዱ ሬዲዮውን አንስቶ ወደ ተራራው ያዞረዋል፤ ሌላው አንቴናውን በእጁ ይይዛል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ አንድ ሰው ብቻ ያወራል። እሱም ከእነሱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጧል።

እነዚያ አድማጮች ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ካታንጋን ያውቋታል፤ ሚስማር ተራን፣ ጥላ ፎቅን፣ ከማን አንሼን ያውቃሉ። አንዱንም አላዩም። ኳሷ በየት በኩል እንደምትሄድ፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ በረኛው ከግቡ ምን ያህል እንደወጣ የሚነግራቸው ሰው ሜዳውን ራሳቸው ውስጥ ሠርቶላቸዋል። የሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል። ውጤቱን ደጋግሞ መናገር አለበት፤ አሁን ሬዲዮ የከፈተ ሰው አለና። ሰዓቱን መናገር አለበት። ቡድኖቹ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚያጠቁ፣ የማን መለያ ምን ቀለም እንደሆነ መናገር አለበት። ይህን ሁሉ እየተናገረ ከኳሷ መዘግየት የለበትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ካስረዘመ ጎሉ ይቀድመዋል፤ ከሬዲዮው የሕዝብ ጩኸት ይሰማል፣ አድማጩ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። በዚያች ሰከንድ አንድ አገር ሙሉ ትንፋሹን ይዞ አንድ ሰው ይጠብቃል።

ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ ሴካፋን፣ አዲስ አበባ ላይ አስተናግዳ ለፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር ተገናኘች። መደበኛው ጨዋታ አልለያቸውም፤ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ፤ ኢትዮጵያ አሸነፈች። ያን ቀን ያስታወሰ ሰው የጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤን ድምፅ አብሮ ያስታውሳል። ከስታዲየሙ ውጪ የነበረው ሕዝብ ድሉን የተቀበለው ከእሱ አፍ ነው። ዛሬ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ስለዚያ ፍጻሜ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያስመስለው የቅጣት ምት መቺውን አይደለም፤ ደምሴን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ያልመታው ሰው ድምፅ ከመታው ሰው እግር ይልቅ በትዝታ የሚቆየው ለምንድን ነው? እንደሚመስለኝ፣ ጎሉ ስታዲየም ለነበሩት ብቻ ሆነ፤ ቃሉ ግን ለሁሉም ሆነ። ያልነበረ ሰው እንደነበረ የሚሆነው በምስክር ነው። ጋዜጠኛው ስለ ጨዋታው መረጃ ከመስጠት አልፎ ለማያየው ሰው ዓይኑን ያውሰዋል። ዓይን ያዋሰ ሰው ደግሞ ከባድ አደራ አለበት፤ አድማጩ ማረጋገጫ የለውምና። ደካማውን ጨዋታ ጦፈ ቢለው ያምነዋል። ከግብ በላይ የሄደችውን ኳስ ለጥቂት ሳተች ቢለው ያምነዋል። የእኛ ተጫዋች ያጠፋውን ጥፋት በዳኛው ላይ ቢያላክክ ያምነዋል፤ አምኖም ዳኛውን ሲረግም ያድራል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት የአባት አይደለም የሚለው አባባል ለማን እንደሚስማማ ብጠየቅ ለሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ እላለሁ። ከፍቅሩ ኪዳኔና ከሰለሞን ተሰማ ትውልድ ጀምሮ የአገራችን የስፖርት ጋዜጠኝነት የቆመው በዚህ ዕዳ ላይ ነው። ስንሸነፍ እየተሸነፍን ነው ያለ ጋዜጠኛ ስናሸንፍ ይታመናል።

የአሰልጣኙ ዕዳ ሌላ ዓይነት ነው። ጋዜጠኛው ላልነበረው ሰው የነበረውን ይነግራል፤ አሰልጣኙ ላለው ሰው የሌለውን ይነግራል። አንድ ልጅ ፊቱ ቆሞ፣ እግሩ ቀጥኖ፣ ጫማ ሳይኖረው፣ አሰልጣኙ ከዚያ ልጅ ውስጥ ሌላ ሰው ያያል። ሌላው ሰው ገና አልተፈጠረም። ሊፈጠርም ላይፈጠርም ይችላል። አሰልጣኙ ግን እንዳለ አድርጎ ያናግረዋል።

በቆጂ የአርሲ ከተማ ናት። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ መምህር እዚያ የሰውነት ማጎልመሻ ሲያስተምሩ ልጆችን በባሕር ዛፉ መሀል ማሯሯጥ ጀመሩ። ከእጃቸው ካለፉት ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶኑን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው አካባቢ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ከተማዋ ልጆችና ስለ አሰልጣኛቸው ዘጋቢ ፊልም እስኪሠራ ድረስ ግን ከአገር ውጪ የመምህሩን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ልጆቹ በዓለም አደባባይ ሰንደቅ ዓላማ ሲያውለበልቡ እሳቸው በቆጂ ላይ የሚቀጥሉትን ልጆች ያሯሩጡ ነበር።

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም እንዲሁ ናቸው። ሃንጋሪ ተምረው መጡ፤ የእነ ኃይሌ ገብረሥላሴንና የእነ ቀነኒሳን ትውልድ ይዘው የኢትዮጵያን የረጅም ርቀት ሩጫ ከዓለም አናት አደረሱ፤ ግንቦት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ከእሳቸው በፊት ንጉሤ ሮባ ነበሩ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ራሳቸው በአጭር ርቀት የሮጡ፣ ኋላ አሰልጣኝ ሆነው የምሩፅ ይፍጠርን የሞስኮ ድል ያዩ ሰው። ሰዓት ይዞ ከመስመር ውጪ የሚቆም ሰው ውድድሩ ሲጀመር አቅመ ቢስ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ አስቀድሞ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሰው ብቻውን ይሮጣል። አሰልጣኝ ሥራው የሠመረለት፣ ተማሪው እሱን የማይፈልግበት ቀን ሲመጣ ነው። ይህን አውቆ በየማለዳው የሚነሳ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አስቡት።

የአሰልጣኝ ቃል በቅርብ እንዲታይ ከተፈለገ ከሁሉም ስፖርት የተሻለው ቅርጫት ኳስ ነው። እግር ኳስ ላይ አሰልጣኙ 45 ደቂቃ ይጮኻል፤ ከሩቅ ያለው አጥቂ አይሰማውም። ሩጫ ላይ ጭራሽ ከሯጩ አጠገብ አይገኝም። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን ጨዋታውን አስቁሞ ተጫዋቾቹን አጠገቡ መጥራት ይችላል። የተሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለቴ፣ በሁለተኛው ሦስቴ ብቻ እንዲህ መጥራት ይፈቀድለታል።

አዲስ አበባ ትንሿ ስታዲየም ገብቶ ያችን አንድ ደቂቃ ያየ ሰው አይረሳትም። አምስቱ ተጫዋቾች እየተጎተቱ ይመጣሉ። ሁለቱ ጉልበታቸውን ይዘው ያጎነብሳሉ፤ አንዱ ውሃ ጭንቅላቱ ላይ ያፈሳል፤ አንዱ ወደ ዳኛው እያየ ያጉረመርማል። ልምድ የሌለው አሰልጣኝ ወዲያው መናገር ይጀምራል፤ ያጠፉትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማንም አይሰማውም፤ ትንፋሽ የሚፈልግ ሰው ጆሮ የለውም። ልምድ ያለው ግን ዝም ይላል። አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ያስተነፍሳቸዋል። ከዚያ ተንበርክኮ ትንሿን ሰሌዳ ጭኑ ላይ ያደርግና አንድ መስመር ያሰምራል። አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ቢበዛ ሁለት። የተቆጣውን ልጅ ትከሻ ይዞ በስሙ ይጠራዋል። ፊሽካው ይነፋል፤ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ኳስ የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። የአሰልጣኙ ዘመን ትምህርት ሁሉ በዚያች አንድ መስመርና በእነዚያ 24 ሰከንዶች ይፈተናል።

ታዲያ ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰው ማይክሮፎን ቢሰጠው ምን ይሆናል? አሜሪካ ውስጥ ሂዩቢ ብራውን የሚባል ሰው መልሱን በሕይወቱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1933 ተወለደ፤ በቅርጫት ኳሱ ሊግ በኤንቢኤ አትላንታ ሆክስንና ኒው ዮርክ ኒክስን አሠለጠነ፤ በ1978 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ከሥልጠናው ሲወጣ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፤ ለዓመታትም በዚያው ቆየ። ሁሉም ጡረታ እንደወጣ ሲያስብ በ2002 ሜምፊስ ግሪዝሊስ ጠሩት፤ ወደ ሰባ እየተጠጋ ተመለሰ፤ በ2004 እንደገና የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ ዳግም ወደ ማይክሮፎኑ። የመጨረሻ ጨዋታውን ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በ91 ዓመቱ ነው።

ብራውንን ልዩ ያደረገው አነጋገሩ ነበር። ሲተነትን ተመልካቹን እንደ ተመልካች አያናግረውም፤ ኳስ እጁ ላይ እንዳለ ተጫዋች ያናግረዋል። አንተ ከግራ ታልፋለህ፣ ተከላካዩ ይጠጋሃል፣ ጓደኛህ ጥግ ላይ ነፃ ቆሟል እያለ ሶፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሜዳ ውስጥ ያስገባዋል። አሰልጣኝነቱን ከስቱዲዮው ውጪ አልተወውም፤ ተማሪ ብቻ ለወጠ። የመልበሻ ክፍሉ አሥራ ሁለት ልጆች በሚሊዮን ተተኩ። ያየሁትን ልንገርህ የሚል ጋዜጠኛ አለ፤ እንዴት እንደምታይ ላሳይህ የሚል ጋዜጠኛ ደግሞ አለ። ሁለተኛው ሲገኝ የሁለቱ ሙያዎች ድንበር ይፈርሳል።

በእኛም አገር ድምፅና ሜዳ በአንድ ቤት የተገናኙበት ጊዜ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በዚህም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባሉ ባለ ቅኔና ባለ ዜማ ናቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድን ተጫወቱ፤ ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ቡድኑን ያሠለጠኑት እሳቸው ነበሩ። ከዚያም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሩ፤ በዓለም አቀፉ መድረክ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ተቃውመው ተከራከሩ። ያረፉት ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ነው፤ የሴካፋውን ድል ለማየት ጥቂት ወራት ሲቀራቸው። አባትየው ድምፅ ከሰው ሲለይ እንዳይጠፋ የሆነበትን ዘመን ከፈቱ፤ ልጅየው ሜዳውን ይዘው አንደበታቸውን ለአህጉር አዋሉት። ከተጫዋችነታቸው ይልቅ ያገዘፋቸው ኳስ መንካት ካቆሙ በኋላ የተናገሩት ነው።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆኗል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሱፐርስፖርት በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። ሰቆጣ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባ ወጣት የአርሰናልንና የማንቸስተር ዩናይትድን አሰላለፍ ከራሱ ወረዳ ቀበሌዎች ዝርዝር ይልቅ በቃሉ ያውቀዋል። ዓይን ያጣ አድማጭ ጥቂት ሆኗል፤ ስለዚህ የጋዜጠኛው የድሮ ሥራ፣ ኳሷ ወዴት እንደሄደች መንገር፣ ዋጋው ቀንሷል። ተመልካቹ ራሱ ያያል። የሚያየውን ግን ያስተውለዋል ወይ? እዚህ ላይ ነው የአሰልጣኝ ዓይን ያለው ጋዜጠኛ የሚፈለገው። ጩኸት የሚጨምር ሞልቷል፤ የሚያስረዳ ግን እየጠፋ ነው። ጋዜጠኛ ገነነ መኩሪያ፣ ብዙዎች ሊብሮ እያሉ የሚጠሩት፣ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር፤ የዛሬውን ጨዋታ ከማራገብ ይልቅ የተረሱትን ተጫዋቾች ታሪክ ቆፍሮ ማውጣት። እሱም ለማያየው ሰው ማሳየት ነው፤ ያልታየው ርቀት ሳይሆን ዘመን ሆኖ ነው እንጂ።

ወደ አበርገሌ ልመለስ። የአበርገሌ ልጅ የሚያየው ጨዋታ ሁሉ የሌላ አገር ነው። የሚሰማው ስም ሁሉ የሌላ ሰው ነው። የእሱን ሩጫ ያየለት አሰልጣኝ፣ የእሱን ጎል ያወራለት ጋዜጠኛ የለም። ይህ ማለት ልጁ አይጫወትም ማለት አይደለም። በገና ጨዋታ ሩር ሲመታ አድጓል፤ ገደል ለገደል ፍየል ተከትሎ ሮጧል፤ የጨርቅ ኳስ ሰፍቷል። የጎደለው ጨዋታ አይደለም፤ አይቶ ስሙን የሚጠራ ሰው ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በዙሪያዋ መጠለያ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል። መጠለያ ውስጥ ላለ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚጠፋው ሰዓት ነው፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ይሆንበታል። ማክሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት ልምምድ አለ የሚል አንድ ሰው ለዚያ ልጅ ሳምንቱን መልሶ ይሰጠዋል። አሰልጣኝ ሳይታወቅ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይኼ ይመስለኛል፤ ነገ የሚባል ቀን እንዳለ ማሳመን።

ሆኖም ስፖርት የሚጀምረው ከሜዳ እንዳልሆነ ዋግ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በ2030 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተጠራው በዚህችው ከተማ ስም ነው። የልጅ ቁመትና ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምግብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማንም አሰልጣኝ በማስተማር ብቻ ያንን አይተካውም። ስለዚህ ቅርጫት ኳስን የመሰለ ቁመት የሚጠይቅ ጨዋታ ለዋግ ልጅ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ።

ምክንያቱ መሬቱ ነው። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፤ በዋግ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ መሬት ከተገኘ ይታረሳል እንጂ ለኳስ አይተውም። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። ከየቡድኑ አምስት ልጅ ይበቃል፤ አንድ ቅርጫት ብቻ ካለ ደግሞ በግማሽ ሜዳ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ።

የጨዋታው አጀማመርም የድሃ አጀማመር ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1884 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ክረምቱ ተማሪዎቹን ከቤት ዘግቶባቸው አስቸገሩት፤ አንድ ነገር መፍጠር ነበረበት። ሁለት የኮክ ቅርጫት ከበረንዳው ላይ በምስማር መታ፤ 13 ሕግ ጻፈ፤ የእግር ኳስ ኳስ አምጥቶ አጫወታቸው። የራሱ ኳስ እንኳ አልነበረውም። የቅርጫቱ ከፍታ ያኔ እንደሆነው ዛሬም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ኔይስሚዝ ኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠለጠነ፤ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። የጨዋታው ፈጣሪ በገዛ ጨዋታው ከማሸነፉ መሸነፉ በዛ። ነገር ግን ከተማሪዎቹ አንዱ ፎግ አለን በዘመኑ ከታላላቆቹ አሰልጣኞች አንዱ ሆነ። የመምህርን ልክ በራሱ የድል ቁጥር የሚለካ ሰው ኔይስሚዝን ያስብ።

የጋዜጠኛውም ነገር ከዚህ አይርቅም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚባል ክበብ አለ፤ ማለዳ በሰልፍ ላይ ዜናና ግጥም የሚያነብ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ የሚያስቸግር። የደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዜና የሚያነብ ያ ልጅ የእረፍት ሰዓቱን ግጥሚያ ቢያስተላልፍ ምን ይጎድለዋል? የሚዘረዝረው ተጫዋች የክፍል ጓደኛው ነው። ከዋሸ እዚያው ይያዛል፤ አድማጮቹ ዓይን አላቸውና። እውነት ተናግሮ ሰውን ማስደሰት የሚቻል መሆኑን ገና በልጅነቱ ይማራል። ጨዋታው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛም በአማርኛም ሊተላለፍ ይችላል፤ የክልሉ ሚዲያ አሚኮ በኽምጥኛ የሚያሰራጭ ዝግጅት ስላለው ጆሮው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። በግቢው ድምፅ ማጉያ ስሟን ከነአባቷ የሰማች ልጅ፣ ሁለት ነጥብ ማስቆጠሯ ሲነገርላት የሰማች ልጅ፣ በማግሥቱ ቀድማ ትመጣለች።

ሁለቱም ሙያዎች ለእኛ የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ። አገራችን ሜዳሊያ አንጋቹን ታጅባለች፤ ግራ እግሩን ያስተካከለለትን መምህር ትረሳለች። ዋንጫውን ታሞግሳለች፤ ዋንጫውን ላላየው ገበሬ ያሳየውን ድምፅ መዝግባ አታስቀምጥም። ከዚያ ሜዳሊያው ሲጠፋ ምን ነካን ብለን እንደነግጣለን። የነካን ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያይ ሰው አላፈራንም። ስታዲየም በገንዘብ ይሠራል፤ ማየትን የሚያውቅ ዓይንና የሚታመን አንደበት ግን በሰው ላይ ዓመታት ካልፈሰሰ አይገኝም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከዋግ ከሆንክ፣ ከሆንሽ፣ ወይም በየትኛውም ወረዳ መምህር ከሆናችሁ፣ ስታዲየም እስኪሠራ አትጠብቁ። አንድ ምሰሶ አቁሙ፤ ቀለበቱን በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ስቀሉ፤ ኳስ ከጠፋ የእግር ኳሱ ይበቃል። ፊሽካውን ለሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ፣ ድምፅ ማጉያውን ለሚኒ ሚዲያው ልጅ ስጡ። ለመጀመሪያው ሳምንት ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።